ስማቸው ማን ነበር?

ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ላይ ለአዋላጅ ነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለዕድር ኃላፊዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ? በዚህ ውርጭ በጠዋቱ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

"ልጅ ስለሞተባቸው እናቶች ትንሽ ነገር ንገሪን" ተብዬ ነው የተጋበዝኩት። 26 ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አብዛኛውን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹን መንዝ። ስለ ሥራው ብቻ ባወራ ጠዋቱ አይበቃንም። ዛሬ ግን ከጤና ጣቢያ አልጀምርም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው የምጀምረው።

ባለፈው ጥር ወር መጀመሪያ አያቴ ወደተቀበረችበት ደብር ሄድኩ። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነሥቶ ጣርማ በር ሲደርሱ ወደ መንዝ መታጠፍ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ነፋሱ አጥንት ይገባል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳው ተሰብስቦ ፀሐይ ይሞቃል። ከመኪና ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝኩ። የደብሩን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ቅጽር በየመንደራችሁ ስላለ የራሳችሁን አስቡ። ጥዱ አለ፣ ወይራው አለ፣ የጓሳ ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ የለበሰው ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ለምን ሄድሽ አትሉኝም? አያቴ ስምንት ወልዳ አምስት አሳድጋለች። "ስንት ልጅ አለሽ?" ሲሏት ሁልጊዜ ሁለቱንም ቁጥር ነበር የምትናገረው። "ስምንት ወልጄ አምስት አለኝ።" አንድም ቀን "አምስት" ብላ ብቻ ስትመልስ አልሰማኋትም። "እማማ፣ ያሉትን ብቻ ይንገሩኝ" ሲሏት እንኳ ስምንት ብላ ነው የምትጀምረው። ልጅ ሆኜ የአነጋገር ልማድ ይመስለኝ ነበር። ሦስቱ የት እንዳሉ ጠይቄ አላውቅም። የጠየቅኩት አርጅታ፣ እኔም ስንቱን አዋልጄ ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ቅጽሩ ውስጥ የትልልቅ ሰው መቃብር ማግኘት ቀላል ነው። አሁን አሁን ሲሚንቶ ነው፤ ፎቶ አለው፣ ስም አለው፣ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን አለው። የድሮውም ቢሆን ድንጋዩ ትልቅ ነው፣ "ይኼ የእገሌ ነው" የሚል ዘመድ አይጠፋም። የልጆቹን ግን ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ቄሰ ገበዙ በመቋሚያቸው አመለከቱኝ።

"ከቤተልሔሙ ጀርባ ነው። ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ትረግጫቸዋለሽ።"

እውነታቸውን ነው። ስደርስ መቃብር መሆኑን አላወቅኩም። ሣር ውስጥ የተበተነ ድንጋይ ነው የመሰለኝ። ቆም ብዬ ሳይ ዓይኔ ለመደ። ድንጋዩ ተደርድሯል። ትንሽ ክምር፣ ከዚያ ትንሽ ክፍተት፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ ክምር። አንዳንዱ ራስጌው ላይ የቆመ ድንጋይ አለው። ጽሑፍ የለም። መስቀል የተቀረጸበት ሁለት ብቻ አየሁ። ብዙዎቹ ላይ የድንጋይ ሽበት ወጥቷል። ልጁ ሳይሸብት ድንጋዩ ሸብቷል።

አንዱ አጠገብ ተንበርክኬ በስንዝር ለካሁት። አራት ስንዝር። ለምን እንደለካሁ አላውቅም። ስንት ዓመት ሕፃን ሲለካ የኖረ እጅ ስለሆነ ይሆናል፣ ሳላዘው ሄደ። አዲስ የተወለደ ልጅ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የእኔ ስንዝር 20 ቢሆን፣ አራቱ 80 ነው። ድንጋዩ ከግራ ከቀኝ የሚተርፈውን ስትቀንሱለት፣ ሥር ያለው ገና ያልዳኸ ልጅ ነው። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አላለቀስኩም። የልጅ መቃብር ያየ ሰው ወዲያው እንባው የሚመጣ ይመስለናል። በእኔ ላይ መጀመሪያ የመጣው ቆጠራ ነው። 23 ቆጥሬ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋኝ። የትኛው ክምር የአንድ ልጅ፣ የትኛው የሁለት እንደሆነ አይለይም። ከቆጠራው ቀጥሎ የመጣው ደግሞ እፍረት ነው። "ቤቶች!" ሳይሉ ሰው ቤት ዘው እንደማለት ያለ እፍረት። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸው ልጆች መካከል፣ እኔ ራሴ ሃምሳ ዓመት ቆይቼ የመጣሁ ዘመድ ነኝ።

እንባዬን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት፣ ስድሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ልትሳለም ትመጣለች። በቤተልሔሙ ጀርባ ስታልፍ አንድ የወደቀ ራስጌ ድንጋይ አየች። ጎንበስ አለች። ድንጋዩን አቆመችው። ሥሩን በጠጠር ደገፈችው። እንዳይወድቅ በመዳፏ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ አማተበች፣ መንገዷን ቀጠለች።

ተከትዬ ደረስኩባት። "የእርስዎ ነው እንዴ?" አልኳት።

"አይ፣ የኔስ ወዲያ ነው። ይኼ የማን እንደሆነ እንጃ። ድንጋዩ ወድቆ እያየሁት ግን እንዴት ብዬ ልለፍ፣ ልጄ?"

እሷ ወደ ቅዳሴው ገባች። እኔ ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ።

እስቲ ስለ ልማዳችን በግልጽ እናውራ። ለትልቅ ሰው ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳን ይጣላል። ሙሾ ይወርዳል። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ አለ። ለሕፃን ይህ ሁሉ የለም። ቃሬዛ እንኳ አያስፈልገውም፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአንድ ሰው ክንድ ላይ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ወንዶች ቀብረውት ይመጣሉ። ክርስትና ለተነሣው ፍትሐት ይደረግለታል። ሳይነሣ ለሞተው ግን፣ በእኛ አገር ልማድ፣ ቦታው ከቅጽሩ ውጭ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሡት። ጨቅላ የሚሞተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ነው። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እናቲቱስ? አራስ ናት። 40 ወይም 80 ቀኗ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ልጇ ሲቀበር እሷ ቤት ናት። መቃብሩን አታየውም። ቀኗ ሞልቶ ስትወጣ ሣር በቅሎበታል። "የት ጋ ነው?" ብትል ባሏ በአገጩ "ወደዚያ" ይላታል። አያቴ አንዱን ልጇን ያጣችው እንዲህ ነው።

ሥርዓቱን ልነቅፍ አልመጣሁም። አማኝ ነኝ፣ ያደግኩበት ነው። የማስበው ስለዚያች ቤት ውስጥ ስለቀረችው ሴት ነው። ወንዶቹ ወደ ቀብር ሲሄዱ፣ እሷ አልጋ ላይ ሆና የእግራቸውን ኮቴ ስትሰማ፣ ማን ነው አጠገቧ ያለው? ያለውስ ምን ይላታል?

የሚላትን ታውቁታላችሁ። "እግዜር ምትክ ይስጥሽ።" "ልጅነት አለሽ፣ ገና ትወልጃለሽ።" "እሱ እኮ መልአክ ነው፣ አይለቀስለትም።" "እንኳን አንቺ ተረፍሽ።" በክፋት የሚናገረው የለም። እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ።

አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ፣ ሃያ ዓመት አይሞላትም፣ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። በሦስተኛው ቀን ለክትትል መጣች። ትኩሳት የላትም። ደሟ ደህና ነው። ማሕፀኗ በደንብ ተሰብስቧል። ካርዷ ላይ ጻፍኩና "በቃ፣ ጨርሰናል" አልኳት። ልትወጣ ተነሥታ በሩ ጋ ቆመች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል።

"ሲስተር፣ ወተቱን ምን ላድርገው?" አለችኝ።

የማውቀውን ነገርኳት። ጡትሽን ሳታጠብቂ በጨርቅ ደግፊው። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ካልወጠረሽ በቀር አትለቢው፣ ቀስ በቀስ ራሱ ይደርቃል። ሁሉም ትክክል ነው፣ ዛሬም ይኼንኑ ነው የምለው። እሷ ግን ያንን አልነበረም የጠየቀችኝ። ስለ ልጇ ልታወራ ነበር በሩ ጋ የቆመችው። እኔ ስለ ጡት መልሼላት ሸኘኋት። ነገሩ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። ተመልሳ አልመጣችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ጀመርኩ። ካርድ ስናወጣ "ስንት ወልደሻል? በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው?" ብለን እንጠይቃለን። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ እንጽፍና ወደሚቀጥለው እናልፋለን። እኔ እዚያች ላይ ቆም ማለት ጀመርኩ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ "የሄዱት ስማቸው ማን ነበር?" እላለሁ። ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለም።

ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። "ስም አልወጣለትም ነበር" የምትል አለች፣ ከዚያ መልኩን ትነግረኛለች። ጥያቄውን ስትጠብቀው የኖረች ይመስል ወዲያው የምትናገር አለች። "ኧረ ሲስተር፣ ስንት ዓመቱ!" የምትለኝም አለች፣ ግን ቀኑን ከነታቦቱ ታውቀዋለች፤ "የሚካኤል ማግሥት ነበር፣ ገብስ እያጨድን።" አንዲት እናት ስሙን ጠርታ፣ "አሁን ስጠራው ድምፄ ገረመኝ" አለችኝ። ባሏ ፊት እንኳ ጠርታው አታውቅም። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራ በዝቶብን ነው አትበሉኝ፣ የሥራውን ብዛት አውቀዋለሁ።

ስም ካልን አይቀር ወደ ራሳችን ስም እንምጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምትኩ የሚባል አለ? ካሳሁን? ማስረሻ? ተካልኝ? እጅ ማውጣት አያስፈልግም፣ መኖራችሁን አውቃለሁ። ምትክ የሚባለው ለሄደ ነው። ካሳ የሚከፈለው ለጠፋ ነው። ማስረሻ የሚያስፈልገው አልረሳ ያለው ነገር ያለበት ሰው ነው። ቆየ፣ ኑርልኝ፣ ቢተው... ቢተው እኮ ልመና ነው። "ይኼን እንኳ ቢተውልኝ" ነው ነገሩ። እርግጥ ካሳ የተባለ ሁሉ ልጅ ሞቶ የተወለደ አይደለም፤ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደም ካሳ ይባላል። ግን ከእነዚህ ስሞች አንዱን የያዘ ሰው እናቱን ወይ አክስቱን ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት የነበረ አንድ ልጅ ያገኛል።

ልጆቹ መቃብራቸው ላይ ጽሑፍ የላቸውም አልኳችሁ። አላቸው። ድንጋይ ላይ ያልጻፍነውን ሰው ላይ ጽፈነዋል። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ፣ ቀበሌ መታወቂያ ሲወጣ፣ ሠርግ ላይ ሙሽራው ሲመረቅ፣ ያ ሕፃን አብሮ ይጠራል። ጠሪውም ተጠሪውም ልብ አይሉትም። የእናቴ ስም ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለእሷ ልተወው።

እናቶቻችን በየቀኑ የሚሉትንም ስሙ። "ቅበረኝ!" "አፈር ስሆንልህ!" "እኔን ያስቀድመኝ!" ጉንጭ እየሳሙ፣ እያጎረሱ ነው የሚሉት። እንግዳ ሰው ቢሰማ ይደነግጣል። እኛ ፍቅር መሆኑን ስለምናውቅ ትርጉሙን አናዳምጠውም። "ቅበረኝ" ማለት ተራህን ጠብቅ፣ አትቅደመኝ ማለት ነው። ተራው በተደጋጋሚ የተዛባበት ሕዝብ ነው እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል የሚያበጅ። እኔ ቅጽሩ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። እያንዳንዱ ክምር ሥር ያለው ልጅ "ቅበረኝ" ተብሏል። አንዳቸውም አልቻሉም።

አንኮበርን ስለምታውቁት አንድ የቆየ ታሪክ ላንሣ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1839 እስከ 1842 ሸዋ ተቀምጧል፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን። አማርኛ ያውቅ ነበር። ከሄደ በኋላ ሚስት አገባ። በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ሲሞክሩ ሚስቱ ሮዚና መንገድ ላይ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ጥቂት ሰዓት ኖራ ሞተች። መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቀበሯት። አጃቢዎቹ አንጠብቅም ስላሉ እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ጉዞ ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን። አዋላጆች፣ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወተት የሚመጣበት ቀን ነው።

አባትየው ግን ከዚያ ዛፍ ሥር ሳይሄድ ለልጅቱ ስም አውጥቶላታል። በራሱ ቋንቋ አላወጣላትም። በአማርኛ "እንባ" አላት። በሚቀጥለው ዓመት ሞምባሳ ላይ ሮዚናም አዲስ የወለደቻት ልጅም ሞቱ። ሰውየው በሌላ ነገር ታሪክ ውስጥ የሚነሣ ነው፣ በሠራው ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ። ለዛሬ የምፈልገው ያቺን ስም ብቻ ነው። ከሸዋ ይዞት የሄደው አማርኛ፣ ልጁን ለመቅበር ቃል ሲያጣ የደረሰለት ነው የሚመስለኝ። ዛፉ ዛሬ የት እንዳለ የሚያሳይ የለም። ስሟ ግን ይኸው አለ፣ 180 ዓመት አልፎት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠራኋት።

ቁጥሩንም በአጭሩ ልበለው፣ ምክንያቱም የደስታ ወሬም አለበት። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከስድስት አንድ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም ጥናት 67 ደረሰ። ክትባቱ ነው፣ ንጹሕ ውኃው ነው፣ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ቤት ለቤት የዞራችሁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናችሁ። የእናንተን እግር የሚያህል ምስጋና የለኝም። ግን በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት እንደሌላው ፈጥነው አልቀነሱም። ከ1,000 ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። ማለትም ዛሬ ከሚሞቱት ልጆች መካከል ስም ሳይወጣላቸው፣ ክርስትና ሳይነሡ የሚሄዱት ድርሻ ጨምሯል። እናታቸው ቀብራቸው ላይ የማትገኝላቸው እነዚህ ናቸው።

ያን ቀን ለምን ጥር መጀመሪያ እንደሄድኩ አልነገርኳችሁም። ጥር 3 ነበር። ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተልሔም ሕፃናት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት 144,000 የሚባሉት፣ የሚታሰቡበት ቀን ነው። እናታቸው ራሔልም መጽናናት እንቢ ያለች ተብላ ነው የምትጠራው። እንቢ ማለቷ ደግሞ እንደ ጥፋት አልተቆጠረባትም። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። ቂርቆስን ደግሞ አስቡ። ሰማዕት ሲሆን የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በየአገሩ በስሙ ታቦት አለ፣ ሽማግሌው ሁሉ ለሦስት ዓመት ልጅ ይሰግዳል። እንዲህ ያለ ሃይማኖት ያለን ሰዎች ለሕፃን ማልቀስን ነውር ያደረግነው ከየት አምጥተን ነው? እኔ ከመጽሐፉ የመጣ አይመስለኝም። ከብዛቱ የመጣ ነው። በየቤቱ ሁለት ሦስት ሲሞት፣ ለእያንዳንዱ ድንኳን ቢጣል እህሉን ማን ያጭዳል? አያቶቻችን አልጨከኑም። አቅም ነው ያጡት።

አሁን ግን አቅም አለን። ስለዚህ ለዕድር ኃላፊዎች አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ ወንድሞቼ አትቀየሙኝ። ባየኋቸው የዕድር ደንቦች ለሕፃን የሚከፈለው ትንሽ ነው፣ ሞቶ ለተወለደ ደግሞ ምንም የለም። ገንዘቡ አይደለም ያሳሰበኝ። ደንቡ "አይመለከተንም" ሲል ጎረቤቱም አይመጣም። ጥሩምባው ይቅር፣ ድንኳኑ ይቅር። ሁለት ሴቶች ግን ተመድበው ሦስት ቀን አራሷ ቤት ቢያድሩ ምን ይከብዳል? ቡና አፍልተው፣ አጥሚት ሠርተው፣ ስለ ልጁ ካወራች አዳምጠው። ሌላው ደግሞ ስለ ቅጽሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ፣ አዳራሽ ሲሠራ፣ መጀመሪያ የሚነሣው የልጆቹ ድንጋይ ነው። ባለቤት የለውም ተብሎ ለመሠረት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ከመነሣቱ በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ "እዚህ ልጅ ያላችሁ ኑ" ተብሎ ይነገር። የሚመጡት ሴቶች ብዛት ያስደነግጣችኋል።

ወደ አያቴ ልመለስ፣ በእሷ ልጨርስ።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት ልጠይቃት ሄጄ አብሬያት አደርኩ። ውጭ በረዶ ይወርዳል። ምድጃው ዳር ተቀምጣ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ያንን የካርድ ክፍሌን ጥያቄ የራሴን አያት ጠይቄያት እንደማላውቅ ድንገት ትዝ አለኝ።

"እምዬ፣ የሄዱት ልጆችሽ ስማቸው ማን ነበር?"

እንዝርቷ ቆመ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ እሳቱን ብቻ ነው የምታየው።

"ማን ጠየቀሽ?" አለችኝ።

"እኔው ነኝ፣ እምዬ።"

"ሁለቱን ኩፍኝ ነው በአንድ ሳምንት በላይ በላዩ የወሰደብኝ" አለች። አንዷ ሴት ናት፣ አንዱ ወንድ። ስማቸውን ነገረችኝ። ልጅቱ ዘፈን ትወድ እንደነበር፣ ልጁ ከግልገል ጋር ካልተኛ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገረችኝ። ሦስተኛው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የኖረው። ክርስትና አልተነሣም። ከቅጽሩ ውጭ ወይራው ሥር ነው አሏት፣ እሷ አላየችም። "ስም አልወጣለትም" አለችና ትንሽ ቆየች። "እኔ ግን የምጠራው ነበረኝ።" ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እዚህ አልናገረውም።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አለች። "እሷ በነሱ ምትክ ናት። ስማቸውን ካወቀች ይጠሯታል።"

አልነገርኩም። አያቴ ካለፈችም በኋላ ዓመታት ዝም አልኩ። ከዚያ ከጥር ጉዞ ስመለስ ግን እናቴ ከዓይኔ አነበበችው። የት እንደነበርኩ ስነግራት "እኔንም ውሰጅኝ" አለች። 72 ዓመቷ ነው። ግንቦት ላይ ወሰድኳት፣ ከመኪናው መንገድ በኋላ በበቅሎ።

ከቤተልሔሙ ጀርባ ስንደርስ መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ምንም አላለችም። አጠገቧ ካለው ክምር ሣሩን በጣቷ መንቀል ጀመረች፣ ቀስ እያለች፣ የሕፃን ጠጉር እንደሚያበጥር ሰው። የእነማን ይሆን አላለችም። አንዱን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ዞረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጇን አሳረፈች።

"ነግራሻለች አይደል?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"አዎ።"

"በይ ንገሪኝ። አሁን ቢጠሩኝም አይከፋኝም።"

የልጅቱን ነገርኳት። የልጁን ነገርኳት። የዘጠኝ ቀኑን በጆሮዋ ነገርኳት፣ አያቴ ለእኔ እንደነገረችኝ። እሱን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ እጇን ሰጠችኝ፣ አነሣኋት። ነጠላዋን አስተካክላ በደጀ ሰላሙ ወጣች፣ ወደ ወይራው።